የኔ ቢጤና የጋሪው ፈረስ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድ መጽሐፍ ሲነቀፍ ብታይ ከንቱ መጽሐፍ ነው ማለት አይምሰልህ። ነቀፌታ የሚገባው ብዙ ጊዜ ሊነበብ የሚገባው ነውና። ዊልያም ቡዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝ አገር ድኾች ያሳተመው መጽሐፍ ከነዚህ አንዱ ነው። ቡዝ በ1865 ዓ.ም. በምሥራቅ ለንደን የወንጌል ሥራ ጀምሮ፥ ኋላ «የመዳን ሠራዊት» የተባለውን ማኅበር ያቋቋመ ሰው ነው።

የመጽሐፉን ስም «በጨለማይቱ እንግሊዝ» ያለው፥ ስታንሌ የተባለው መንገደኛ በዚያው ዓመት አፍሪቃን ጨለማ ብሎ ካወጣው መጽሐፍ ወስዶ ነው። ይህ አጠራር ለእኛ አይጥመንም። ይሁን እንጂ ሌላው የባሕር ማዶውን ጨለማ ሲያወራ፥ ቡዝ በገዛ ደጃፉ ያለውን ማየቱ ያስመሰግነዋል። ከአገሩ ሕዝብ ከዐሥሩ አንዱ፥ ማለት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው፥ በችግር ሰጥሟል ብሎ ጻፈ።

ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው የጋሪ ፈረስ ምሳሌው ነው። በለንደን ጎዳና የጋሪ ፈረስ ቢወድቅ፥ በራሱ ጥፋት ይሁን በሌላ ሳይመረመር ያነሡታል፤ በሕይወት እስካለም መኖ፥ ጋጣና ሥራ አለው። ታዲያ ሰው ይህን ያህል እንኳ አይገባውምን? ሲል ይጠይቃል። በእኛ አገር ግን ምሳሌው ራሱ ያሳፍረናል፤ እግሩ የተሰበረ የጋሪ ፈረስ በመንገድ ዳር ተጥሎ አይተን አልፈናልና።

ወደ መድኀኒቱ ሲደርስ ግን ሐሳቡ ይላላል። ድኻውን በመጀመሪያ በከተማ መጠለያ፥ ቀጥሎ በእርሻ፥ በመጨረሻም በባሕር ማዶ ሊያሰፍረው አሰበ። እርሻው በ1891 ዓ.ም. ሀድሊ በተባለ ስፍራ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመትም የሠራተኛውን መንጋጋ የሚያበሰብሰው ፎስፎረስ የማይገባበት የክብሪት ፋብሪካ ተከፈተ። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የባሕር ማዶውን መሬት ባለቤት እንደሌለው መቁጠሩ ስሕተት ነው። ድኻውም ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወር እንጂ ምክር የሚጠየቅ ሰው ሆኖ አይታይም። ሊቁ ሀክስሊ በዚያን ጊዜ በጋዜጣ በጻፈው ተቃውሞ፥ ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ አዛዥ እጅ መግባቱን ነቅፎ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ ያስተማረን መጠጊያ የሌለውን ወደ ቤታችን እንድናስገባ እንጂ ወደ ሩቅ እንድንሰደው አይደለም።

ይህን ስነቅፍ ራሴን ንጹሕ አላደርግም። የእኛ ቋንቋ ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል፤ ከቡዝ ቃል ሁሉ ይህ አንድ ቃል ይበልጣል። ነገር ግን ስንጠራው ማን ያስተውለዋል? ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጥ አንድ ሰው በየእሑዱ ብር እሰጥ ነበር። አንድ ቀን «መምህር፥ አላወቁኝም?» አለኝ። ሦስተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ እጁን እንጂ ፊቱን አላየሁም ነበር። ያን ቀን ገንዘብ አልጠየቀኝም፤ የዘበኝነት ሥራ አግኝቶ ዋስ አጥቷልና ዋስ እንድሆነው ለመነኝ። ብሩን ሳልፈራ የሰጠሁ እኔ፥ በስሜ ልፈርም ስባል ፈራሁ። ምን አጥፍቶ ጎዳና ወጣ? ቢሰርቅስ? አልሁ በልቤ። በአፌ ግን «ላስብበት» አልሁት። በሚቀጥለው እሑድ ስፍራው ባዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አላገኘሁትም።

የለንደን ሰዎች ፈረሱን ያነሡት የወደቀበትን ሳይመረምሩ ነው። እኔ ግን ልጄን ሳልመረምር ላነሣው አልወደድሁም።

እንግዲህ አንተ ወጣት፥ ለድኻ ብር መስጠትን አትተው፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ ጽድቅ ሠራሁ አትበል። ስሙን ጠይቀው። የቸገረው እንጀራ ነው ወይስ ማደሪያ፥ ወይስ ጓዙን የሚያኖርበት ጥግ፥ ወይስ ዋስ? ቤት የሌለው ሰው ከቤት ጋራ ስለ እርሱ የሚመሰክርለትንም ሰው አጥቷል። ቤት መሥራት ለብዙዎች ኅብረት የተተወ ከባድ ሥራ ነው፤ ምስክር መሆን ግን ለእያንዳንዳችን ተሰጥቷል። ሲጠይቁህ እንደ እኔ «ላስብበት» ብለህ አትዘግይ።