ንፍሮ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?

መክሳት የምትፈልጉ ሁሉ፣ ንፍሮ ብሉ! ስንዴና ሽምብራ፣ ሲያሻም ባቄላ፣ ተለቅሞና ታጥቦ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት የተቀቀለ፣ ልቅሶ ቤት በትሪ ሲዞር እፍኝ እፍኝ የምንዘግነው፣ ያው የምናውቀው ንፍሮ። እንዲህ ያለ የማቅጠኛ ምግብ በሕይወቴ አላየሁም! ያጠግባል፣ ይጣፍጣል፣ ርካሽ ነው፣ ቦርጭም ያጎድላል። ሱሪዬን ለማስጠበብ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጃለሁ። ይህን እያወቅሁ ዝም ብል ጎረቤቶቼን እንደ መበደል እቆጥረዋለሁ።

እስቲ ሰፈራችንን ኮልፌ ቀራኒዮን በማለዳ እዩት። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው እጅ ላይ ምን አለ? ፓስቲ፣ ቦንቦሊኖ፣ ነጭ ዳቦ። ከዚያ ስኳር የበዛበት ሻይ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሆድ መጮህ ይጀምራል፣ ብስኩት ይገዛል፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሰውነት ይዝላል፣ ምሳ ላይ እንጀራው ሲደረብ አይታወቅም። ይህንን ሁሉ ሆዳምነት እያልን ራሳችንን ስንወቅስ ኖረናል። ሆዳምነት አይደለም! ጠዋት የበላነው ነገር ደማችን ውስጥ የገባበት ፍጥነት ነው።

ፍጥነቱ ደግሞ መለኪያ አለው። በ1981 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ጄንኪንስ፣ ቶማስ ዎሌቨርና ባልደረቦቻቸው 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለበትን ምግብ ለሰዎች እያበሉ፣ ለ2 ሰዓት ያህል ደማቸውን በየጊዜው እየወሰዱ ስኳሩ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ለኩ። ንጹሑን ግሉኮስ 100 አሉት፤ ሌላውን ሁሉ በእሱ መዘኑት። ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚባለው ይህ ነው። 55ና ከዚያ በታች ያገኘ ምግብ ዝቅተኛ ይባላል፣ 70ና ከዚያ በላይ ያገኘ ከፍተኛ። ሠንጠረዡን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ነጭ ዳቦ 75 ገደማ። የተቀቀለ ድንች 78 ገደማ። ምስር 32፣ ገብስ 28። ሽምብራስ? 28! ይበልጥ የገረመኝ ግን ስንዴ ነው። ፍሬው ሳይነካ ሲቀቀል ከ50 በታች ነው፤ ያው ስንዴ ተፈትጎና ልሞ ነጭ ዳቦ ሲሆን 75 ይደርሳል። እህሉ አንድ፣ ልዩነቱ ወፍጮው!

አንዲት የሽምብራ ፍሬ በፊት ጥርሳችሁ ከፈል አድርጋችሁ ተመልከቷት። ቆዳዋ ተላጥ ተላጥ ይላል፣ ውስጧ ግን ጥቅጥቅ እንዳለ ነው። ስታርቹ ያለው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ክፍሎች ውስጥ ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ ከአሰር የተሠራ በመሆኑ ተቀቅሎም አብዛኛው አይፈርስም። የስንዴዋ ሆድ በትንሹ ስንጥቅ ብሏል፣ ገለባዋ ግን አሁንም እንደያዛት ነው። አንጀታችን ውስጥ ያለው የሚፈጭ ኢንዛይም ይህን ሁሉ ግድግዳ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ስኳሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ኢንሱሊንም ቀስ እያለ ይከተለዋል። ነጭ ዳቦ ግን እንደ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ ኢንሱሊኑ ተግተልትሎ ይመጣና ስኳሩን ጠራርጎ ያወርደዋል፣ ያን ጊዜ ረሃብ ይነሳል።

በ1977 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናትም አለ። ሰዎች አንድ ዓይነት ፖም በሦስት መልክ ቀረበላቸው፤ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ተደፍጥጦ፣ አንዴ ተጨምቆ። ያጠገባቸው እንዳለ የበሉት ነው። ጭማቂው በአንድ ትንፋሽ ገብቶ ኢንሱሊናቸውን ከፍ አደረገው፣ ኋላም ስኳራቸው ዝቅ አለ። በየሰፈራችን ጁስ ቤት ተቀምጦ ስፕሪስ የሚጠጣውን ሰው፣ ፍሬውን ለምን እንዳለ አትበላም ብዬ ልጠይቀው ሁልጊዜ ያምረኛል።

የሚቀጥለው ነገር ደግሞ ለእኔ ተአምር ነው። ጄንኪንስና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ቁርስ ላይ ምስር የበላ ሰው ከ4 ሰዓት በኋላ ምሳ ሲበላ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ብዙም አይንርም። የጠዋቱ ጥራጥሬ የምሳውን ምግብ ጭምር ያረጋጋል! በራሴ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ጠዋት ንፍሮ ከበላሁ ምሳ ላይ ሁለተኛ እንጀራ መዘርጋት ትዝ አይለኝም።

ኪሎ ይቀንሳል ወይ? በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲዮጀንስ የተባለ ጥናት በ8 የአውሮፓ አገሮች የከሱ 773 ሰዎችን ለ26 ሳምንት ተከታተለ። የጥያቄው ፍሬ ነገር የከሳ ሰው መልሶ እንዳይወፍር ምን ይብላ የሚል ነበር፤ መክሳትን የሞከረ ሁሉ ከባዱ ይህ እንደሆነ ያውቃል። ፕሮቲኑ አነስተኛ፣ ግላይሴሚክ ኢንዴክሱ ከፍተኛ የሆነ ምግብ የደረሳቸው መልሰው ወፈሩ። በተቃራኒው ፕሮቲኑ ከፍ፣ ኢንዴክሱ ዝቅ ያለላቸው ደህና ጸኑ። ሽምብራ ሁለቱንም አሟልታ ይዛለች! 100 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 7 ግራም ተኩል ያህል አሰር አለው፤ ካሎሪው ደግሞ 164 ነው፣ ያንኑ ያህል የሚመዝን ነጭ ዳቦ 265 ገደማ ሲሆን።

ቆሎስ የሚል አይጠፋም። ቆሎ እወዳለሁ፣ የገብስ ቆሎ ከሆነ ኢንዴክሱም ዝቅተኛ ነው። ግን ደረቅ ስለሆነ እፍኝ ሙሉ ቆሎ ብዙ ካሎሪ ይዞ ሳያጠግብ ያልቃል፤ ኦቾሎኒና ሱፍ ከገባበት ዘይቱ ይጨመራል። ንፍሮ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው የሚመጣው። ሳህኑ ሞልቶ ይታያል፣ ማላመጡም ጊዜ ይወስዳል፣ መንጋጋ ሲሠራ ሆድ ይረጋጋል። በእኔ ፍርድ ንፍሮ ቆሎን ይበልጠዋል።

ኮልፌ ገበያ እህል ከሚሸጡ እናት ዘንድ ስንዴና ሽምብራ በጣሳ ስገዛ፣ "ለንፍሮ የሚሆን ይስጡኝ" ስላቸው እጃቸው ጣሳው ላይ እንዳለ ቀረ።

"ልጄ፣ ማን ሞተባችሁ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም እማማ፣ ለቁርስ ነው።"

"ለቁርስ!" አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው፣ "እኛም ገጠር ሳለን እሱን በልተን ነበር እርሻ የምንውለው" ብለው አንድ እፍኝ መረቁልኝ።

አሠራሩ ምንም አይከብድም። ማታ ስንዴውንና ሽምብራውን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በብዙ ውሃ መዘፍዘፍ። ጠዋት ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ መጣድ። ሲበስል ጨው መጨመር፣ ፍሬው ሳይፈርስ ማውጣት፤ ከፈረሰ ጥቅሙም ይቀንሳል። እኔ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፌበት፣ ሎሚ ጨመቅ፣ ሚጥሚጣ ነስነስ አደርግበታለሁ። ያልለመደ ሆድ መጀመሪያ ላይ ስለሚነፋ በትንሹ መጀመር ይሻላል። ጓያ ግን ንፍሮ ውስጥ እንዳትከቱ፤ አዘውትረው ሲበሉት እግር ያሽመደምዳል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አመጋገቡን ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ምግቡ ሲለወጥ የመድኃኒቱ መጠን አብሮ መታየት አለበት።

የእኛ ሰፈር ለዚህ ምግብ የተመቸ ነው። ጾመኛው ጎረቤቴ ከሥጋና ከቅቤ ርቆ የዓመቱን ግማሽ የሚያህል ጊዜ ያሳልፋል፤ ጾሙን በፓስታና በዳቦ ከመግፋት ንፍሮ ምን አላት? ሙስሊሟ ጎረቤቴ በረመዳን ለሱሁር ሠርታው፣ ቀኑን እስከ አስር ሰዓት ድረስ ረሃብ ሳይሰማት መዋሏን በደስታ ነገረችኝ፤ አሁን ለልጆቿም ምሳ ዕቃ ውስጥ ትጨምረዋለች።

የማይገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በጸሎተ ሐሙስ የተከካ ባቄላና ስንዴ ተቀቅሎ ጉልባን ሲቀርብ፣ አዋቂ ሕፃን ሳይል ሁሉም ይሻማበታል። ድስቱ ይጠረጋል፣ "ሌላ የለም?" ይባላል። ይህን ያህል የምንወደውን ምግብ ለምን በዓመት አንድ ቀን ብቻ? እኔ ቤት ማክሰኞም ጉልባን አለ፣ ሐሙስም አለ፣ ቅዳሜ የመጣ እንግዳም ከቡናው ጋር ይደርሰዋል!