የድረ ገጽ መልክና የአንባቢው ድርሻ፤ ስለ «ተጠቃሚ ስታይል» የቀረበ ሂስ

መጽሐፍ አንዴ ከታተመ የፊደሉ መጠንና የኅዳጉ ስፋት አይለወጥም። ድረ ገጽ ግን በአንባቢው ማሰሻ ውስጥ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ የሚዘጋጅ በመሆኑ መልኩ ሊለወጥ ይችላል። የተጠቃሚ ስታይል የሚባለው፣ አንባቢው ራሱ ጽፎ ወይም ከሌላ ወስዶ በማሰሻው ላይ የሚጭነው አጭር የቅርጽ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ አማካይነት በጎንና በጎን የተደረደሩ ማስታወቂያዎችን መሰወር፣ ፊደልን ማጉላት፣ የመስመሮችን ርቀት ማስፋት ይቻላል።

ይህ ሥልጣን ዘግይቶ የተጨመረ አይደለም። ሆኮን ቪዩም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ረቂቅ፣ የገጹ አዘጋጅና አንባቢው በመልኩ ላይ የሚኖራቸውን ድርሻ በመቶኛ እስከ መደልደል የደረሰ ነበር። በ1996 የጸደቀው ሲ ኤስ ኤስ የተባለው የቅርጽ ቋንቋ ድልድሉን ትቶ፣ ሁለቱም ወገኖች ደንባቸውን «አስፈላጊ» ብለው ምልክት ሲያደርጉበት የአዘጋጁ እንዲጸና ወሰነ። በ1998 የወጣው ሁለተኛው ደረጃ ግን ይህን ገልብጦ የመጨረሻውን ቃል ለአንባቢው ሰጠ። ዳሩ ግን ክሮም በ2014 ይህንኑ አገልግሎት በማስቀረቱ፣ የዚህ ማሰሻ ተጠቃሚ እንደ ስታይለስ ያሉ ተቀጥላ ፕሮግራሞችን መፈለግ ግድ ሆኖበታል።

በግዕዝ ፊደል ለሚያነብ ተማሪ ጥቅሙ ከጌጥ ያለፈ ነው። «ቡ» ከ«ቢ» የሚለየው በአንዲት ቅጥያ አቀማመጥ ብቻ ነው። ለላቲን ፊደል በተመጠነ መጠን ሲቀርቡ ልዩነታቸው ይደበዝዛል፤ ጀማሪው አንባቢም በማንበብ ፈንታ ወደ መገመት ያዘነብላል። ሁለትና ሦስት መስመር የሆነ ደንብ ይህን ችግር ያቃልላል።

ይሁን እንጂ ጉድለቶቹ ሊታለፉ አይገባም። አንደኛ፣ ደንቡ ይሰውራል እንጂ አያስቀርም፤ ከዓይን የተሰወረው ሥዕል ብዙውን ጊዜ በመስመሩ መምጣቱን ስለማይተው፣ የኢንተርኔት ወጪው ለሚከብደው ትምህርት ቤት ቁጠባ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ገጹ ውስጣዊ አሠራሩን ሲለውጥ ደንቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ይከሽፋል፤ አልፎ አልፎም ማረሚያን ወይም ማስጠንቀቂያን አብሮ ሊሰውር ይችላል። ሦስተኛ፣ የእምነት ጥያቄ አለ፤ ስታይሊሽ የተባለው ተቀጥላ ተጠቃሚዎቹ የጎበኟቸውን ገጾች ታሪክ ይሰበስብ ስለነበር በ2018 ከፋየርፎክስና ከክሮም ማከፋፈያዎች ተነሥቶ ነበር።

እንግዲህ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ሊያተኩሩበት የሚገባው ከሌላ የተወሰደ ደንብ መጫንን ሳይሆን፣ ቀላል ደንብ ጽፎ ውጤቱን መመርመርን ነው። ሠልጣኙ አንድን ገጽ ከደንቡ በፊትና በኋላ አስተያይቶ ምን እንደ ጎላ፣ ምን እንደ ተሰወረ ቢዘረዝር፣ የገጽ አቀራረብ በንባብ ላይ ያለውን ኃይል ይረዳል። ይህ ግን የትምህርት ገጾችን የሚያዘጋጁ ክፍሎችን ከኃላፊነት ነፃ አያደርግም። ተማሪው እንዲያነብበት የተዘጋጀን ገጽ ተማሪው ራሱ እንዲጠግነው መተው አግባብ አይደለምና።