ዕቅዱ የሚቈጥረው ማንን ነው?
የጀርመን መንግሥት ስለ ንግድ ሥራና ስለ ሰብዓዊ መብቶች ያወጣው ዕቅድ ሲመረመር

የመንግሥት ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነውም የሚነቀፈውም በተጻፈበት ቃል ነው። እኛ ግን በዚህ ጥናት አንድን ዕቅድ በሌላ ሚዛን ልንመዝን አስበናል። ሚዛኑም፣ ዕቅዱ ሳይፈጸም ቢቀር የሚጠየቀው ማን ነው፤ የተበደለውስ ሰው በየትኛው በር ገብቶ አቤት ይላል፤ የሚል ነው። የምንመረምረው የጀርመን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በዲሴምበር 2016 ያጸደቀውን የንግድ ሥራና የሰብዓዊ መብቶች ብሔራዊ ዕቅድ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ወደ ዕቅዱ ከመግባታችን በፊት ምንጩን መግለጥ ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ በ2005 የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩትን ጆን ራጊን የዚህ ጉዳይ ልዩ ወኪል አድርገው ሾሙ። እርሳቸው ከስድስት ዓመት ድካም በኋላ ያቀረቧቸውን 31 መሪ መርሖች የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በጁን 2011 ተቀበለ። መርሖቹ በሦስት ምሰሶዎች የቆሙ ናቸው። መንግሥት ሰውን ከኩባንያዎች በደል የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ኩባንያ የሰውን መብት የማክበር ኀላፊነት አለበት፤ የተበደለውም ሰው ፍትሕና ካሳ የሚያገኝበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ለመንግሥት “ግዴታ”፣ ለኩባንያ “ኀላፊነት” መባሉ በአጋጣሚ አይደለም። የመጀመሪያው ከሕግ የሚመነጭ ሲሆን ሁለተኛው ኅብረተሰቡ ከኩባንያው ከሚጠብቀው ነገር የሚመነጭ ነው።

መርሖቹ በራሳቸው ሕግ ስላልሆኑ መንግሥታት በየአገራቸው የሚፈጽሙበትን ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ተጠየቁ። እንግሊዝ በሴፕቴምበር 2013 ቀዳሚ ሆነች፤ ሆላንድ በዚያው ዓመት ተከተለች። በአፍሪካ የመጀመሪያዋ ኬንያ ናት፤ በ2019 ያዘጋጀችው ዕቅድ መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን፣ የገቢ ግልጽነትን፣ የአካባቢ ጥበቃን፣ የሠራተኛ ጉዳይንና ፍትሕ የማግኘት መብትን የሚመለከት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የጀርመኑን የመረጥነው፣ የተናገረው ነገር መፈጸሙና አለመፈጸሙ ሊለካ የሚችል በመሆኑ ነው።

የማይለካ ነገር ምን እንደሚመስል በእንግሊዝ ሕግ እንመልከት። በ2015 በእንግሊዝ የወጣው የዘመናዊ ባርነት ሕግ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ36 ሚሊዮን ፓውንድ የማያንስ ኩባንያ ባርነትን ለመከላከል ያደረገውን በየዓመቱ በጽሑፍ እንዲገልጥ ያዛል። ዳሩ ግን ኩባንያው ምንም እንዳላደረገ ቢጽፍ እንኳ ጽሑፉን በማውጣቱ ብቻ ሕጉን እንደ ፈጸመ ይቈጠራል። ይህን ዐይነቱን ነገር አባቶቻችን “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ብለውታል።

የጀርመን ዕቅድ በዚህ በኩል የተሻለ ነበር። ከሁለት ዓመት ያህል ምክክር በኋላ የወጣው ጽሑፍ አንድ ቍጥርና አንድ የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። ከ500 በላይ ሠራተኞች ካሏቸው ኩባንያዎች ቢያንስ እኩሌታዎቹ እስከ 2020 ድረስ፣ ሥራቸው በሰው መብት ላይ የሚያመጣውን ጉዳት አስቀድሞ የመመርመር፣ የመከላከልና አቤቱታ የመቀበል ሥርዐት እንዲያቆሙ ይጠብቃል። “ይጠብቃል” አልን እንጂ “ያዛል” አላልንም፤ ያልፈጸመውን ዕቅዱ አይቀጣውምና። ይሁን እንጂ በ2018 የተመሠረተው ጥምር መንግሥት፣ በፈቃደኝነት የሚደረገው ሥራ በቂ ሆኖ ካልተገኘ በሕግ እንደሚያስገድድ በስምምነቱ ላይ አስፍሮ ነበር።

ጊዜው ደረሰ፤ ቈጠራውም ተደረገ። በ2020 ከ2,200 በላይ ለሆኑ ኩባንያዎች መጠይቅ ተልኮ ተቀባይነት ያለው መልስ የሰጡት 455 ብቻ ሆኑ። ከእነዚህም የዕቅዱን ጥያቄ አሟልተው የተገኙት ከመቶ ከ13 እስከ 17 ብቻ ናቸው። እኩሌታ ይሆናሉ የተባሉት ሩብ እንኳ አልሞሉም። ይህም ያልፈጸሙበትን ምክንያት በሚገባ ያስረዱት ጭምር እንደ ፈጸሙ ተቈጥረው ነው።

ቍጥሩ ባይኖር ኖሮ መንግሥቱ ከአራት ዓመት በኋላ “መልካም መሻሻል ታይቷል” ብሎ ሌላ ዕቅድ ባወጣ ነበር። ቍጥሩ በመኖሩ ግን ጕድለቱን መሸሸግ አልተቻለም። በሚኒስትሮች መካከል ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ምክር ቤቱ በጁን 2021 ስለ ዕቃ አቅርቦት ሰንሰለት ሕግ አወጣ። ሕጉ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ 3,000ና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 1,000ና ከዚያ በላይ ያሏቸውን ኩባንያዎች እንዲመለከት ተደረገ። ለትላልቆቹ መቀጫው ከዓመታዊ ሽያጫቸው ከመቶ እስከ 2 ሊደርስ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ዕቅዱን አመስግነናል። ዋናው ነቀፌታችን የሚጀምረው ግን ከዚሁ ከቍጥሩ ነው። መጠይቁ የተላከው ለማን ነበር? ለኩባንያው ነው። የተቈጠረውስ ምን ነበር? የኩባንያው መግለጫ፣ የኩባንያው መመሪያ፣ የኩባንያው የአቤቱታ ሥርዐት ነው። መርሖቹ ሁሉ የተጻፉለት ሠራተኛ በዚህ ቈጠራ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ነገሩ የቢሮ ጕዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ እውነተኛ ታሪክ እናንሣ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 በፓኪስታን በካራቺ ከተማ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። ቃጠሎውን ሆን ብለው ያስነሡ ሰዎች እንደ ነበሩ የአገሩ ፍርድ ቤት በ2020 ወስኗል። ነገር ግን ሰዎቹ ያለቁት መስኮቶቹ በብረት ስለ ታጠሩና መውጫ በሮቹ ስለ ተዘጉ ጭምር ነው። ከቃጠሎው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ፋብሪካው ሠራተኞቹን በደንብ እንደሚይዝ የሚመሰክር ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። በወረቀት ሲመዘን አሟልቷል፤ በሩ ግን ዝግ ነበር።

ከፋብሪካው ምርት አብዛኛውን ይገዛ የነበረው ኪክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ2016 ለተጎጂዎች ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። ከተጎጂዎቹ ወገን ግን አራት ሰዎች ካሳው እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ መብት እንዲወሰንላቸው በዶርትሙንድ ፍርድ ቤት በ2015 ክስ መሥርተው ነበር። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2019፣ በፓኪስታን ሕግ መሠረት ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል ሲል ክሱን ዘጋው። ኩባንያው ኀላፊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ሳይመረመር ቀረ። ይህ ሲሆን ብሔራዊ ዕቅዱ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሦስተኛው ምሰሶ የቆመው በወረቀት ላይ ብቻ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላገኘንም።

በኋላ የመጣው ሕግ ይህን ጕድለት በከፊል ብቻ አረመ። ተበዳዩ ለተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት፣ የጀርመን የሠራተኞች ማኅበራትም በእርሱ ስም በፍርድ ቤት እንዲከራከሩለት ፈቅዷል። ነገር ግን ሕጉን መተላለፍ ብቻውን የፍትሐ ብሔር ኀላፊነትን እንደማያስከትል በግልጽ ደንግጓል። መቀጫው ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል፤ የሟች እናት የምታገኘው የለም። ሌላ መንገድ እንዳለ ግን ፈረንሳይ በማርች 2017 ባወጣችው ሕግ አሳይታለች፤ በዚያ ሕግ ኩባንያው ጥንቃቄ በማጕደሉ ለደረሰው ጉዳት በካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ገዢዎቹን አጥብቀን ብንይዛቸው ከድኻ አገሮች መግዛትን ይተዋሉ፤ የሚጎዳውም ያው ሠራተኛ ነው፤ ይባላል። ተቃውሞው ችላ የሚባል አይደለም። የጀርመንም ሕግ ይህን ዐስቦ፣ ግንኙነትን ማቋረጥ ሌላው መፍትሔ ሁሉ ካልሠራ በኋላ የሚወሰድ የመጨረሻ እርምጃ እንዲሆን አድርጓል። በእኛ በኩል የምንጨምረው፣ የገዢውን ሽሽት የሚያቀርበው የተበዳዩ አቤቱታ ሳይሆን የወረቀቱ ብዛት መሆኑን ነው። ገበሬው ሊሞላው የማይችለው ቅጽ ከገበያ ያስወጣዋል፤ አቤት የሚልበት በር ግን ማንንም አያስወጣም።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጀርመን የቡናችን ዋና ገዢዎች ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። በሐምቡርግ ያለ ነጋዴ የሚሞላው መጠይቅ ዞሮ ዞሮ የሲዳማንና የጅማን ገበሬ ይነካል። በአገራችንም ሕግ የቍጥርና የቀን ጉዳይ ያው ነው፤ በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጎ የሚቋቋምበትን ቀን ግን አልቈረጠም። ቀን ያልተቈረጠለትን ነገር ዘግይቷል ብሎ መክሰስ አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ጥናት የምንደርስበት ዐሳብ ይህ ነው። ማናቸውም መንግሥት እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲያወጣ፣ የጀርመኑን ምሳሌ ተከትሎ ቍጥርና ቀን ያስቀምጥ። ከጀርመኑ ለይቶ ግን ቈጠራውን ከፋብሪካው ወለልና ከእርሻው ማሳ ይጀምር፤ ስንት አቤቱታ ቀረበ፣ ስንቱ ተሰማ፣ ስንቱስ ተካሰ ብሎ ይጠይቅ። በ2025 የተመሠረተው የጀርመን ጥምር መንግሥት ሕጉን አንሥቶ የአውሮፓን መመሪያ በሚከተል ሌላ ሕግ ሊተካው ተስማምቷል። የሕግና የኤኮኖሚ ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን፣ መምህሮቻችንም፣ አዲሱ ጽሑፍ ሲወጣ አስቀድመው የሚመለከቱት የመቀጫውን ልክ ሳይሆን በካራቺ የቀሩት ቤተሰቦች ሊገቡበት የሚችሉበትን አንቀጽ እንዲሆን እናሳስባለን።