ጦርነቱን የነገረን ማን ነው?



አመሻሽ ላይ ወደ ገርጂ፣ ወደ ኮተቤ ወይም ወደ ሲኤምሲ የሚሄድ ሰው መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ መቆሙ አይቀርም። ሰልፉ ሲረዝም ዓይን ወደ መንገዱ ዳር ይሄዳል፤ እዚያ መጻሕፍት ላስቲክ ላይ ተደርድረው ይሸጣሉ። አንድ ምሽት እንዲሁ ቆሜ ስመለከት ስለ ጦርነት የተጻፉትን ብዛት ታዘብኩ። የጻፏቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑስ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? አንዱ መሪ ነው፤ ሌላው ጄኔራል ነው፤ ሌላው ባለ ሥልጣን ነው። ምሽግ ውስጥ የከረመው የ19 ዓመት ልጅ ግን የለም።

እነዚህን መጻሕፍት ለማጣጣል አልተነሳሁም። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ2004 ዓ.ም. ያሳተሙት “ትግላችን” የአንድ ዘመን መሪ ነገሩን እንዴት ይመለከተው እንደነበር ያሳያል። የብርጋዴር ጄኔራል ካሣዬ ጨመዳ “የጦር ሜዳ ውሎዎች” ደግሞ በውጊያ ውስጥ ያለፈ መኮንን የጻፈው ነው። ሆኖም የአዛዥ ዓይን የአዛዥ ነው። አዛዥ “ክፍለ ጦሩ ተመታ” ሲል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ የስንት እናት ልጅ እንዳለ የሚያውቀው ግን ከዚያ ተርፎ የተመለሰው ተራ ወታደር ነው።

ወደ ተራው ወታደር ቀረብ ያለው የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” ነው። በዓሉ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይቶ ልቦለዱን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ደብዛው ጠፋ። የመጽሐፉን ድፍረት የሚክድ የለም። ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንኳ ጦርነቱን የሚያየው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ነው። ጋዜጠኛ አይቶ ይመለሳል፤ ወታደሩ እዚያው ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። “ኦሮማይ” በታተመበት በዚያው በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ወጣቶች ስድስት ወር ሠልጥነው ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ ታዘዘ። ስለ ጦርነት የሚናገረው መጽሐፍ ከወጣቱ እጅ ተወሰደ፤ ወጣቱ ራሱ ግን ወደ ጦርነቱ ተላከ። በሌላም አገር ይህን መሰል ነገር ታይቷል። ጀርመናዊው ኤሪክ ማሪያ ረማርክ በወጣትነቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ ቆሰለ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 በአንድ ተራ ወታደር አንደበት የተተረከውን ልቦለዱን አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎች መጽሐፉን በአደባባይ አቃጠሉት። የተራው ወታደር ምስክርነት የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው።

ታዲያ መጽሐፉ ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይቀርም። ዛሬ ልጆቻችን ጦርነትን የሚያውቁት ከስልክ ነው። ድሮን ከሰማይ የቀረጸው ምስል ቀረርቶና ሽለላ ተጨምሮበት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ተናጋሪው አይታወቅም፤ ቦታውና ቀኑም አይታወቅም። እኛ ግን ወሬ ሲመጣልን አጣሩ ተብለን በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝን፣ ለአንድ ሐዲስ እንኳ “ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ?” እያሉ ሰነድ የሚቆጥሩ ዑለማዎች ያፈራን ሕዝብ ነን። ስለ ሰው ደም የሚነገር ነገር ሲሆን ይህን ጥንቃቄ ለምን ጣልነው?

ገርጂ ውስጥ አንድ ጎረቤት አለኝ። በ1991 ዓ.ም. ጾሮና ግንባር ሲዘምት የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንደ ገና ምሽግ ቆፍሮ፣ ፈንጂ ቀብሮ፣ ፊት ለፊት ተፋጦ የከረመበት ጦርነት ነበር። አንድ ማታ ከመግሪብ በኋላ ቤቱ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ የ17 ዓመት ልጁ ከስልኩ ቀና ብሎ፣ “አባ፣ አንተ ስንት ገደልክ?” አለው።

አባትየው ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ስለ ውሃ ተናገረ። ሦስት ቀን ውሃ አልደረሰላቸውም ነበር። አጠገቡ የቆሰለ ጓደኛው ውሃ ለመነው። ኮዳው ውስጥ ሁለት ጉንጭ ያህል ነበረው። “የለኝም አልኩት” አለ። “ሲነጋ እርሱ አልነበረም፤ ውሃው ግን ነበር።” ልጁ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና፣ “ስሙ ማን ነበር?” ሲል ጠየቀ። አባትየው ስሙን ነገረው። ሚስቱ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ስሙን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ውድ አንባቢያን፤ ያን ምሽት የኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ታሪክ ትዝ አለኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻው ዘመናቸው የጦር አዛዥ አድርገው ሲሾሙት 18 ዓመት ገደማ ነበር። ከዚያ በፊት በአንድ ዘመቻ ላይ፣ እጁ ላይ የወደቀ ሰው የሸሃዳን ቃል ሲናገር ኡሳማ አላመነውም፤ ወግቶ ገደለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ ደጋግመው ወቀሱት። ኡሳማም ከዚያ ቀን በፊት ባልሰለምኩ ኖሮ እስኪል ድረስ ተጸጸተ። ይህን ማን ነገረን? ራሱ ኡሳማ! ቡኻሪና ሙስሊም ከእርሱ የዘገቡት ነው። ከአንድ ወጣት ተዋጊ አፍ የወጣው ይህ ቃል ድሉን አይተርክም፤ ስህተቱን እንጂ። ኡማውም አልደበቀችውም፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላለፈችው።

እንግዲህ የጦርነት መጽሐፍ መመዘኛችን ይህ ይሁን፦ ተራኪው በራሱ ላይ መስክሯልን? ጥፋቱ ሁሉ የሌላው፣ ጀግንነቱ ሁሉ የራሱ ከሆነ አንባቢ ይጠንቀቅ። “የለኝም አልኩት” ለማለት የደፈረው ጎረቤቴ በዚህ ሚዛን ከብዙ ባለ ኮከብ ጸሐፊ ይበልጥብኛል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት የተመለሱ ወጣቶችም ዛሬ በየሰፈራችን አሉ። በአንዱ ወይም በሌላው ወገን ተሰልፈው ይሆናል። አንዳንዱ በር ሲላተም ይደነግጣል፤ አንዳንዱ ሌሊት ይጮኻል። እናቶችና አባቶች ሆይ! “ተወው፣ ይረሳዋል” አትበሉ። ጀግና ብላችሁም አፉን አትዝጉት፤ ጀግና የተባለ ሰው ፈራሁ ለማለት ያፍራልና። አታስገድዱት፤ መናገር በፈለገ ጊዜ ግን ስልኩን አስቀምጣችሁ ስሙት። ሕመሙ ከበረታ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ከዱዓ ጋር ሕክምናም ሰበብ ነውና። ከፈቀደ ደግሞ በደብተር ላይ ይጻፍ፤ የሞቱትን ጓደኞቹን ስም ጨምሮ።

ቀጣዩ ትውልድ “ጦርነት ምንድን ነው?” ብሎ ሲጠይቅ የካርታና የቀረርቶ መልስ ብቻ ካገኘ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። አላህ (ሱ.ወ.) ለሟቾቹ ይዘንላቸው፤ ለተመለሱትም ሰሚ ጆሮ አያሳጣቸው። ወሰላም።