የሚንቀጠቀጥ ወንበርና የማይንቀጠቀጥ ወንበር

ጂም የምትሄዱ ከሆነ ያንን ሽጉጥ የሚመስል የማሳጅ ማሽን ሳታዩ አትቀሩም። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ በደቂቃ ከ2,000 ጊዜ በላይ ጡንቻን ትደበድባለች። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ጠቤ ከማስታወቂያው ጋር ነው። ላክቲክ አሲድን ከጡንቻ ያስወጣል፣ ሕመም ይፈውሳል ይላችኋል።

ላክቲክ አሲዱን እኮ ሰውነታችን ከስፖርት በኋላ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ራሱ ያጸዳዋል። ጡንቻችን የሚብስበት ግን በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ያኔ ማሽኑ ምኑን ነው የሚያስወጣው?

ፈውስ የሚለው ደግሞ የቆየ ታሪክ አለው። ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ታዋቂው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች በባቡር ወይም በጋሪ ረጅም መንገድ ከተጓዙ በኋላ ቀለል እንደሚላቸው አስተዋለ። መንገጫገጩ ይሆን እንዴ? ብሎ የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠራ፤ በ1892 ስለ ወንበሩ ትምህርት ሰጠ። የተቀመጡበትም ተሻለን አሉ።

ሕመምተኞቹ አልዋሹም። ግን ያሻላቸው ምንድን ነው? ንዝረቱ? አረፍ ብሎ መቀመጡ? ወይስ ታላቁ ሐኪም ትኩረት ስለሰጣቸው? ይህን ለመለየት ሁለተኛ፣ የማይንቀጠቀጥ ወንበር ያስፈልግ ነበር። ሻርኮ ግን በ1893 ሞተ።

ሁለተኛው ወንበር የመጣው ከ120 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቺካጎ ያሉ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት 23 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም ለአንድ ወር በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ድምፅ እየሰሙ ተቀመጡ፤ የአንዱ ቡድን ወንበር ይንቀጠቀጣል፣ የሌላው አይነቃነቅም። ውጤቱስ? የሁለቱም ቡድኖች እንቅስቃሴ ተሻሻለ፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። 23 ሰው ትንሽ ነው፣ እሺ። ቢሆንም ንዝረት ይፈውሳል ለሚል ሰው ከባድ ጥያቄ ነው።

ማሽኑ ጭራሽ አይረባም ማለቴ ግን አይደለም። በ2020 በወጣ ጥናት 16 ወንዶች ባታቸውን ለ5 ደቂቃ በማሽኑ ሲታሹ ቁርጭምጭሚታቸው በ5 ዲግሪ ያህል ይበልጥ ተጣጠፈ፤ ጉልበታቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እዚህ ማነጻጸሪያ ስለነበረ አምነዋለሁ። 5 ዲግሪ ለዋጋው ያንሳል ወይ የሚለውን እናንተ አስቡበት።

በ2021 ደግሞ ሐኪሞች ማሽኑን ከተጠቀመች በኋላ የጡንቻዋ ሕዋሳት ፈርሰው ሆስፒታል ስለገባች ወጣት ብስክሌት ጋላቢ ጽፈዋል። እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን ሕመሙ ከበረታባችሁ ድብደባውን አትጨምሩ፤ አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ።