«ሥነ» እና «ቴሌ»፦ የቃል መሥሪያዎች በመዝገበ ቃላት

በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት አንባቢው የቄስ ትምህርት የቀመሰ ነው ብሎ ይነሣል። ቃላቱ በአበገደ ተራ በየሥራቸው ሰፍረዋልና «ሥነ»ን የሚፈልግ ሰው ግሱ «ሠነየ» መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው ደግሞ የውበትን፣ የማማርን ፍች ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ባምባሲ ውስጥ በማኦ፣ በበርታ ወይም በኦሮሞ ቋንቋ አፉን ፈትቶ አማርኛን በትምህርት ቤትና በክልሉ የሥራ ቋንቋነት የተዋወቀ ተማሪ ከውበት ተነሥቶ «ሥነ ሕይወት» ላይ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

የአውሮፓ መዝገበ ቃላት ከግሪክና ከላቲን የመጡ ቅጥያዎችን ሰረዝ አስከትለው ወይም አስቀድመው ለየብቻ ይመዘግባሉ። ወደዚህ የገፋቸው የፊደል ተራ ጭምር ይመስለኛል። ባዮሎጂ፣ ጂኦሎጂና ሳይኮሎጂ የሚጋሩት «ሎጂ» መጨረሻ ላይ ስለሚውል ዘመዳሞቹ በየገጹ ይበተናሉ፤ ቅጥያው ለብቻው ካልተመዘገበ የሚያገናኛቸው የለም። በአማርኛ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። «ሥነ» የግእዝ ተናባቢ በመሆኑ ከፊት ይቆማል፤ ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ምድርና ሥነ ልቦና ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። አዘጋጁ ስለ «ሥነ» አንዳች ሳይል ቢያልፍ እንኳ ጉድለቱ ቶሎ አይነቃበትም። (በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት መነሻው እንግሊዝኛ ስለሆነ ይህ ሰልፍ እዚያ ተመልሶ ይፈርሳል።)

ሰልፉ ግን ያሳስታል። ሥነ ሥርዓት፣ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ምግባር እዚያው መሐል ቆመዋል፤ ሥነ ሥርዓት የሥርዓት ጥናት አይደለም። «ፀረ» እንዲህ አያስቸግርም፤ ፀር ጠላት ነውና ፀረ ተባይ ራሱን ይፈታል። «ሥነ» ግን ሁለት ፍች ተለይቶ ሊመዘገብለት ይገባል፤ ሁለተኛው፣ ማለትም «የ... ጥናት» የሚለው፣ ከሥሩ ሳይሆን ከዘመናዊ አገልግሎቱ የሚወሰድ ነው።

ባዕዳኑን ቅጥያዎችም የምመዝነው በዚሁ መስፈርት ነው። «ሎጂ» በአማርኛ ቃል ላይ ሲቀጠል አላጋጠመኝም፤ ከነቃሉ ገብቶ ከነቃሉ ይኖራል፤ ለብቻው መመዝገብ አያስፈልገውም። «ቴሌ» ሌላ ታሪክ አለው። በግሪክ «ሩቅ» ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ከቴሌኮሙኒኬሽን ተቆርጦ የመሥሪያ ቤት ስም ሆነ፤ «ቴሌ ሄጄ ነበር» ይባላል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመልሶ ቅጥያ ሆኗል፤ ቴሌብር። በዚህ ቃል ውስጥ ርቀት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የድርጅቱ ስምና ብር ነው። ባምባሲ ገበያ ላይ «በቴሌብር ልክፈል» የሚል ሰው የሚጠቀምበትን «ቴሌ» በግሪክ ፍችው ብቻ የሚመዘግብ መዝገበ ቃላት የአማርኛውን ቃል ገና አልመዘገበም።

የ«ሥነ» ሁለተኛ ፍችም ቢሆን አልረጋም። የስፖርት ጋዜጠኛ «የቡድኑ ሥነ ልቦና ወርዷል» ሲል የወረደው ጥናቱ አይደለም፤ የተጫዋቾቹ መንፈስ ነው። ይህን ሦስተኛ ፍች በ«ሥነ» ሥር እናስፍረው ወይስ በ«ሥነ ልቦና» ብቻ? ሌሎቹ የጥናት ስሞች ወደዚያው እስኪያዘነብሉ ድረስ እኔ በ«ሥነ ልቦና» ብቻ ማስፈሩን እመርጣለሁ።