ምኞት ሲለካ፦ ሁልጊዜ «ሙሉ» የሚል ጌጅ

ምንም የሚያግዳችሁ ነገር ባይኖር እስከ የት መማር ትፈልጋላችሁ? «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ገደማ ልጆችን ሲከታተል ልጆቹንም ወላጆቻቸውንም እንዲህ ጠይቋል። እኛ ጋ አብዛኞቹ «ዩኒቨርሲቲ» አሉ።

የጥናቱ ትልቅ ጥንካሬ እነዚያኑ ልጆች በየጥቂት ዓመቱ ተመልሶ ማየቱ ነው። ይሄ ጥያቄ ብቻውን ሲጠቀስ ግን አልስማማም። ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ነዳጁ አልቆም «ሙሉ» የሚል ጌጅ ያስታውሰኛል። አብዛኛው ሰው አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ፣ ማን እንደሚደርስና ማን መንገድ ላይ እንደሚቀር መልሱ አይነግረንም። እንቅፋቱ ከጥያቄው ወጣ እንጂ ከልጁ ሕይወት አልወጣም፤ የትምህርት ቤቱ ርቀት፣ የቤት ውስጥ ሥራው፣ የመጽሐፍ እጥረቱ እዚያው አሉ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ምኞት አንሷቸው ነው እንዴ?

እና «ህልማችሁን ከፍ አድርጉ» የሚል ምክር ስትሰሙ ጠይቁ፦ ህልሙስ አለ፤ መምህሩ፣ መጽሐፉና ላብራቶሪውስ?